ዓቃቤ ሰዓትና የሰማይ መልእክተኞች

በፍርድ አደባባይ አንድ ምስክር ብቻውን ነገር አያጸናም። ዳኛው የአንዱን ቃል ይሰማል፤ ሁለተኛውን ለብቻው አቁሞ ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ቀኑና ሰዓቱ ተስማምቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። ሁለቱ ሳይመካከሩ ባንድ ሰዓት የሆነውን ነገር የተናገሩ እንደ ሆነ ነገሩ ይጸናል፤ ሰዓታቸው የተለያየ እንደ ሆነ ግን የምስክሮቹ ብዛት አይጠቅምም። በዘመናችን የሰማይን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት የተከተሉት መንገድ ከዚህ የአደባባይ ሥርዓት ጋራ አንድ ነው። ቀድሞ ብርሃንን ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ አሁን ግን ሌሎች መልእክተኞች ተገኝተዋልና ሁሉንም እየጠየቁ ቃላቸውን በሰዓት ያስተያያሉ። ሰዓትን የመጠበቅ ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ስላይደለ ታሪኩን ከሐይቅና ከአምባሰል መጀመር ይገባል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ አንድ ወገኑ ከየብስ ጋራ ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ስፍራ ገቡ፤ በ1285 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም መጻሕፍትን እያጻፉና ደቀ መዛሙርትን እያስተማሩ ኖሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ለሐይቅ መምህር የተሰጠው ማዕርግ ዓቃቤ ሰዓት እንደ ነበረ የገዳሙ ትውፊት ይናገራል። ይህ ማዕርግ በኋላ ዘመን በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ማዕርጎች አንዱ ሁኗል። የስሙ ትርጓሜ ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ የሚያከብሩት ስለ ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠበት ዓመት ተጽፎበት ስለ ተገኘ ጭምር ነው። ከጥንት መጻሕፍታችን ስንቶቹ ያለ ዓመተ ምሕረት እንደ ቀሩ የሚያውቅ ሰው የዚህች አንዲት መሥመር ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባዋል።

በሐይቅም ሆነ በሌሎቹ አድባራትና ገዳማት ሰዓት የሚጠበቀው በባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ አስማምቶ አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣ ትምህርት መሆኑን ካህናት ሁሉ ያውቁታል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የአከፋፈሉ ረቂቅነት ነው። ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲት በ60 ራብዒት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ይህን በዛሬ ሰዓት የመነዘሩት እንደ ሆነ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንዲት ካልዒት 24 ሴኮንድ ትሆናለች። ሣልሲት ከግማሽ ሴኮንድ ታንሳለች፤ ራብዒት ደግሞ ከመቶ አንድ ሴኮንድ እንኳ አትሞላም። በጸሎትና በጥላ ሰዓትን ይለዩ የነበሩ አባቶች እንዲህ ያለችውን ቅጽበት በዓይን ሊያዩአት፣ በእጅ ሊለኩአት አይችሉም ነበር። ሆኖም የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ጥቂት በጥቂት እየተዛነፈ ከብዙ ዘመን በኋላ በዓልን እንዳያናጋ፣ የማይታየውን ቅንጣት እንኳ ሳይንቁ ስም ሰጥተው ቈጠሩት።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ በአምባሰል አምባ ግሸን አለ። ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሰበሰቡበት ይህ አምባ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው የሚኖሩበት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ወደ መንግሥት የተጠሩት ከዚህ እንደ ሆነ ይተረካል። ከነገሡም በኋላ በሸዋ ሳሉ በሰማይ ብርሃን እንደ ታየ፣ ስለዚህም በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ሀገሩን ደብረ ብርሃን እንዳሉት ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ከኋላ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. በአውሮፓና በቻይና የታየው፣ ዛሬ በሃሌይ ስም የሚጠራው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ይህ ኮከብ የሚመለሰው በ76 ዓመት ገደማ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ማዕከላዊ ቀመር የሚሉት ደግሞ 76 ዓመት ነው፤ ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ 532 ዓመት ሁኖ ዐቢይ ቀመር ይባላል። ኮከቡም ከ1448 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባት ጊዜ ዞሮ በ1978 ዓ.ም. ሲታይ 530 ዓመት ፈጅቷል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ቍጥር መቀራረብ ድንገት የሆነ ነው። ቀመሩ ከፀሐይና ከጨረቃ ሒሳብ የተገኘ ሲሆን፣ ኮከቡ ግን በመንገዱ ላይ ታላላቅ ፕላኔቶች እየሳቡት አንዳንድ ጊዜ ይፈጥናል፤ አንዳንድ ጊዜም ይዘገያል። እንዲህ ያለው የቍጥር ግጥጥም ልብን ደስ ስለሚያሰኝ ሰው ሳይመረምር ምስክር ሊያደርገው ይቸኩላል። የደብረ ብርሃን ብርሃንና የጅራታሙ ኮከብ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን በእርግጥ የሚያያይዝ ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ ድረስ በግምት ይኖራል።

እንግዲህ ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም፣ ከከዋክብት ወደ ሰው የሚመጣ የታወቀ መልእክተኛ ብርሃን ብቻ ነበር። ብርሃን ታማኝ መልእክተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው የላዩን ነው። የኮከብን ፊት ያሳያል እንጂ ሆዱን አያሳይም፤ ትቢያና ደመናም ይጋርደዋል። ከዋክብት ሲሰባበሩና ሲጋጩ የሚወጣውን ታላቅ ኃይል ለማወቅ ሌላ መልእክተኛ አስፈለገ።

የመጀመሪያው ሳይጠበቅ መጣ። ቪክቶር ሄስ የሚባል የኦስትርያ ሊቅ ነሐሴ 1 ቀን 1904 ዓ.ም. በባሉን ተቀምጦ ከራስ ዳሽን ራስ በላይ ወደ 5,300 ሜትር ከፍታ ወጣ። በያዘው መሣሪያ ሲለካም፣ ከምድር ርቆ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ጨረሩ የሚበዛ መሆኑን አገኘ፤ ስለዚህ ጨረሩ ከሰማይ የሚመጣ እንደ ሆነ ታወቀ። ይህም የጠፈር ጨረር ተባለ። ይሁን እንጂ ይህ መልእክተኛ አንድ ጕድለት ነበረው፤ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላለው በመንገዱ ያለው የማግኔት ኃይል ያጣምመዋል፤ ከደረሰም በኋላ ከወዴት እንደ መጣ ሊናገር አይችልም።

የዚህን ጨረር ጠባይ ለማወቅ ከተደረጉት ታላላቅ ምርመራዎች አንዱ በዚሁ በእኛ አካባቢ ተፈጸመ። ብሩኖ ሮሲ የሚባል ወጣት የኢጣልያ ሊቅ ከባልንጀራው ከሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ጋራ በ1926 ዓ.ም. መባቻ ወደ አስመራ መጣ። አስመራ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ እጅ ነበረች። ስፍራውን የመረጡበት ምክንያት ሁለት ነበር፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ መሆኑና ለምድር የማግኔት ወገብ የቀረበ መሆኑ። በእነዚህ ሀገሮች ሰማይ የምድር ማግኔት ጨረሩን አጥብቆ ስለሚያጣምም፣ የኤሌክትሪክ ጠባዩ ምን እንደ ሆነ ከአመጣጡ ይለያል።

የሮሲ መሣሪያ አሠራር ከዳኛው ሥርዓት ጋራ የተስማማ ነበር። ጨረር ባለፈባቸው ጊዜ የሚናገሩ ቱቦዎች ይደረድራል፤ አንዱ ቱቦ ብቻውን ቢናገር አይቈጠርለትም፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ባንድ ቅጽበት ሲናገሩ ግን ይቈጠራል። በዚህ መንገድ ከምዕራብ የሚመጣው ጨረር ከምሥራቅ ከሚመጣው የበዛ መሆኑን አገኙ፤ ከዚህም የተነሣ የጠፈር ጨረር አብዛኛው አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ያለው ቅንጣት እንደ ሆነ ታወቀ። ሌሎች ሊቃውንት ከጥቂት ወራት በፊት በሜክሲኮ ይህንኑ አግኝተው ነበርና የአስመራው ምስክርነት የእነርሱን አጸና። አንድ ሌላ ነገር ግን በአስመራ አስቀድሞ ታየ። ተራርቀው የተቀመጡ ቱቦዎች አንዳንድ ጊዜ ባንድ ቅጽበት ይናገሩ ነበር። ሮሲም ብዙ ቅንጣቶች እንደ ዝናም ባንድ ላይ ሳይወርዱ አይቀሩም ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒየር ኦዤ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነገሩን አጸናው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ የጠፈር ጨረር መመርመሪያዎች ሁሉ የሚጠብቁት ይህንኑ ዝናም ነው።

ሮሲ አስመራን ከጐበኘ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኢጣልያ ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ ኢትዮጵያን ወረረ። ሮሲ ራሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 የኢጣልያ መንግሥት ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት፣ ከአይሁድ ወገን በመሆኑ፣ ከመምህርነቱ ተሻረና ተሰደደ። በአሜሪካም ሳለ ከባልንጀሮቹ ጋራ ከሰማይ የሚመጣውን የኤክስ ጨረር ለመመርመር መንገድ ጠረገ። ኡሁሩ የተባለችው የመጀመሪያዪቱ የኤክስ ጨረር መመርመሪያ ሳተላይትም ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ወደ ሰማይ ተተኰሰች። ከዚህ በኋላ ግን ከብርሃን ወገን ያልሆነ፣ መንገዱንም የማይስት ሌላ መልእክተኛ ተገኘ።

ይህ መልእክተኛ ኒውትሪኖ ይባላል። የኤሌክትሪክ ጠባይ የለውም፤ ክብደቱም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ምድርን በሙሉ ዘልቆ ያልፋል። ከፀሐይ የሚመጣው ብቻ በአንድ አውራ ጣት ጥፍር ላይ በየሴኮንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ ያልፋል፤ ማንም ግን አይሰማውም። የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ በጃፓን፣ በአሜሪካና በካውካስ ተራሮች ከምድር በታች የተሠሩ ሦስት መመርመሪያዎች 24 ያህል ኒውትሪኖ ያዙ። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላም ከእኛ 168,000 የብርሃን ዓመት ርቆ የነበረ ኮከብ ሲፈነዳ በብርሃን ታየ። ኒውትሪኖ የቀደመበት ምክንያት፣ የኮከቡ ልብ በወደቀ ጊዜ ወዲያው ስለሚወጣ ነው፤ ብርሃኑ ግን ፍንዳታው እስከ ኮከቡ ገጽ እስኪደርስ ይዘገያል። ሰው የሚፈነዳ ኮከብን ሆድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በእነዚያ 24 ምስክሮች ነው።

በዚህ ታላቅ ነገር ውስጥ ግን አንድ የሚያሳዝን ጕድለት ተገኘ። የጃፓኑ የካሚዮካ መመርመሪያ ሰዓት በትክክል ስላልተቃና፣ ኒውትሪኖዎቹ የደረሱበት ጊዜ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል አጠራጣሪ ሁኖ ቀረ። የአሜሪካው ሰዓት የተቃና ስለ ነበር የጃፓኑን ቃል በእርሱ አስተያይተው ጠገኑት። መመርመሪያውን ለመሥራት ይህን ያህል ድካምና ገንዘብ ሲወጣ፣ ሰዓቱን የሚጠብቅ ቸል በማለቱ ከምስክርነቱ ጥቂት ጐደለበት።

ሦስተኛው መልእክተኛ የስበት ሞገድ ነው። አልበርት አይንሽታይን በ1908 ዓ.ም. አስቀድሞ እንደ ጻፈው፣ እጅግ ከባድ የሆኑ አካላት ሲዞሩና ሲጋጩ ጠፈር ራሱ፣ ድንጋይ እንደ ተጣለበት ባሕር፣ ይናወጣል። ይህን ለመስማት በአሜሪካ 3,000 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ሁለት መመርመሪያዎች ተሠሩ፤ የእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር ነው። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ ሁለቱም ባንድ ዓይነት ተናወጡ። ይህም ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሁለት ጥቁር ጕድጓዶች፣ ማለት ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ከባድ አካላት፣ ተጋጭተው አንድ የሆኑበት ድምፅ ነበር። በደቡብ ያለው መመርመሪያ ከሰሜኑ ቀደመ፤ የቀደመበትም ጊዜ በሊቃውንታችን አቈጣጠር ከአንዲት ራብዒት እምብዛም አይበልጥም። አባቶች ስም ሰጥተው በመጽሐፍ ያኖሩት ቅጽበት እነሆ መለኪያ ተገኘለት። ሞገዱ ከየትኛው የሰማይ ወገን እንደ መጣ የተገመተውም በእርሱ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያን ቀን ብርሃን አብሮ አልመሰከረም። የስበት ሞገድና ብርሃን አብረው የቆሙት ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ነው። ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት፣ ማለት ከፀሐይ የሚከብዱ ነገር ግን ስፋታቸው ከአንድ ከተማ የማይበልጥ የሞቱ ከዋክብት፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀው ተጋጩ። አስቀድሞ የስበት ሞገዱ ደረሰ፤ ከአራት ሣልሲት ጥቂት አልፎ፣ ይኸውም ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ፣ የጋማ ጨረሩን በጠፈር ያለች ሳተላይት አየችው። በኢጣልያ የተሠራው ሦስተኛ የስበት ሞገድ መመርመሪያ ደግሞ ከሞላ ጐደል ዝም አለ። እርሱ የማይሰማበት የሰማይ ወገን አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበር፣ ዝምታው ራሱ ምስክር ሁኖ ስፍራውን አጠበበው። 11 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም በቺሊ ያለ መነጽር አዲሱን ብርሃን አገኘ፤ ቀጥሎም ወደ 70 የሚሆኑ መመርመሪያዎች ወደዚያው ዞሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር ታወቀ። አንደኛው፣ የስበት ሞገድና ብርሃን 130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጕዘው በ1.7 ሴኮንድ ልዩነት መድረሳቸው ፍጥነታቸው አንድ መሆኑን አስረዳ። ሁለተኛው፣ የብርሃኑ ቀለም ሲመረመር ወርቅን የመሳሰሉ ከባድ ማዕድናት እንዲህ ባለው ግጭት እንደሚፈጠሩ ታየ። ለቅኔ ተማሪ ሰሙ ሲፈታ ወርቁ እንዲገለጥ፣ እዚህ ወርቁ በእውነት ወርቅ ሁኖ ተገኘ።

መስከረም 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ በሚሆን ስፍራ የተዘረጋው መመርመሪያ እጅግ ብርቱ የሆነ አንድ ኒውትሪኖ ያዘ። ሁለት ካልዒት ሳይሞላ፣ ማለት በ43 ሴኮንድ፣ ወሬው ለዓለም መመርመሪያዎች ሁሉ ተላለፈ። እነርሱም ወደ ተባለው ስፍራ ሲመለከቱ፣ 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ በመካከሉ ታላቅ ጥቁር ጕድጓድ ያለበት የከዋክብት ጭፍራ የጋማ ጨረሩን አብዝቶ ሲተፋ አገኙት። ጥርጣሬው ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ሄስ በባሉን ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ የጠፈር ጨረር ከወዴት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የመልስ መንገድ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ያስተውል። የ2009ኙን ብርሃን አስቀድሞ ያገኘው የቺሊው መነጽር የመስተዋቱ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ሁለቱ መነጽሮችም እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር ናቸው። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ በመሣሪያው ትልቅነት አይደለም። የጠራ ሰማይ፣ የተቃና ሰዓት፣ ፈጥኖ የሚደርስ ወሬ፣ ሌሊቱንም ሳያንቀላፋ የሚተጋ ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ ዋናው የመጨረሻው ነው፤ ሰማዩን በስፍራ ምርጫ፣ ሰዓቱንና ወሬውን በመሣሪያ ማግኘት ይቻላል፤ ትጋት ግን በትምህርት ካልሆነ አይገኝም።

በሐይቅና በአምባሰል ያለው ሥራ ደግሞ ከመነጽር በፊት የሚመጣ ነው። ቻይናውያን በ1046 ዓ.ም. በቀን የታየ እንግዳ ኮከብ ቀኑን ሳይረሱ ስለ ጻፉ፣ ዛሬ የዚያ ኮከብ ፍራሽ ዕድሜው ታውቋል። በእኛም ዜና መዋዕሎችና በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ የፀሐይ መጨለምና የእንግዳ ኮከብ መታየት ሲነሣ ይገኛል። እነዚህ ቃሎች ተሰብስበው፣ ቀናቸው በባሕረ ሐሳብ ተመርምሮ፣ ከሌሎች ሕዝቦች ጽሑፍ ጋራ ቢተያዩ፣ የዘርዐ ያዕቆብም ብርሃን ቢሆን ሁለተኛ ምስክር ሊገኝለት ይችል ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና አምባሰልን ባዳረሰ ጊዜ ግን፣ በአንድ ዕቃ ቤት ያለ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ሁሉም ተረዳው። በ1960ዎቹ ዓመታት በተጀመረው የብራና ፎቶግራፍ ማንሣት ሥራ የሐይቅ መጻሕፍትም ስለ ተነሡ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሁለተኛ ምስክር አለው። ገና ፎቶግራፍ ያልተነሣ መጽሐፍ ግን አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እርሱም ከጠፋ የሚጠየቅ የለም።

ስለዚህ በየደብሩ መጻሕፍቱን የሚጠብቅ ዕቃ ቤት ሹም፣ የባሕረ ሐሳቡ መምህር፣ በእንጦጦም ሌሊቱን የሚያነጋ የፈለክ ተመራማሪ፣ ሥራቸው የተለያየ ቢመስልም አንድ ነው። ሰዓቱ ተጽፎ የተገኘ ነገር ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ተጠይቆ ይመሰክራል።